የእምቦጭ ቅጠል፣ ነቀዙ እና የጉና አፈር

አንድ የውኃ ተክል ቅጠል በነፍሳት ተበልቶና ተቦድሶ ስናይ «ተክሉ ተጎድቷል» ብለን እንደመድማለን። በቅጠሉ ላይ የሚታየው ቁስል ግን የሚነግረን ነፍሳቱ ምን ያህል እንደበሉ ነው፤ ተክሉ የተበላበትን ለመተካት ምን ያህል እንደቻለ አይነግረንም። ይህ ልዩነት በጣና ሐይቅ ላይ በተንሰራፋው እምቦጭ ረገድ ብዙ ነገር ይወስናል። አረሙን የሚበሉ ነቀዞች ወደ ሐይቁ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚሽከረከረው በነቀዙ ዙሪያ ነው። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ሁለት ነገሮችን ዘንግቷል። አንደኛው የቅጠሉ የመተካካት ፍጥነት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያን ፍጥነት የሚመግበው፣ ከጉና ተራራ ቁልቁል የሚወርደው አፈር ነው።

ወደዚህ አስተያየት ያደረሰኝ የራሴ ስሕተት ነው። ለማስተርስ ጥናቴ ቅድመ ሙከራ ባደረግሁበት ወቅት በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ የእምቦጭ ቅጠሎችን እየቀጠፍሁ፣ በፌንጣና በሌሎች ነፍሳት የተበላውን ስፋት በሚሊሜትር ወረቀት ላይ እየለካሁ አንድ ወር ያህል ሠራሁ። ሰንጠረዡ ሲሞላ ደስ አለኝ። አማካሪዬ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «እያንዳንዱ ቅጠል የወጣው መቼ ነው?» መልስ አልነበረኝም፤ በቅጠሎቹ ላይ ምልክት አላሰርሁም ነበርና። መረጃውን እንደገና ስመረምረው ብዙ ቁስል ያለባቸው ቅጠሎች በአብዛኛው በተክሉ ዳር ያሉት አሮጌዎቹ፣ ንጹሖቹ ደግሞ ከመካከል ገና የወጡት ለጋዎቹ ሆነው አገኘኋቸው። የነፍሳቱን ጫና የለካሁ እየመሰለኝ የቅጠሎቹን ዕድሜ ስለካ ኖሬያለሁ። ከዚህ የከፋው ደግሞ እጅግ የተጎዱት ቅጠሎች ቀድመው በስብሰው ስለሰጠሙ በሰንጠረዤ ውስጥ ጨርሶ አለመግባታቸው ነው።

የውኃ ዕፅዋት ይበላሉን?

ለረጅም ጊዜ የሐይቅና የወንዝ ተመራማሪዎች ሕያው የውኃ ዕፅዋት በእንስሳት እምብዛም አይበሉም፤ ወደ ምግብ ሰንሰለቱ የሚገቡትም ሞተው ሲበሰብሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ቪክቶር ሼልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1918 ትልልቆቹ የውኃ ዕፅዋት ቅርጻቸውን በያዙ የመስታወት ምስሎች ቢተኩ እንኳ በአካባቢው ያለው የምግብ ግንኙነት ብዙም እንደማይለወጥ እስከ መገመት ደርሶ ነበር። ይህ አመለካከት ዴቪድ ሎጅና ሬይመንድ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1991 በየፊናቸው ባሳተሟቸው የዳሰሳ ጥናቶች በብርቱ ተፈትኗል። የውኃ ዕፅዋት በሕይወት ሳሉ እንደሚበሉ፣ ከሚበሏቸውም መካከል የጢንዚዛ፣ የነቀዝና የእሳት እራት ወገኖች ጉልህ ስፍራ እንዳላቸው ማስረጃው ተሰበሰበ። እነዚህ ነፍሳት ዝምድናቸው ከየብስ ወገኖች ጋር ነው፤ አየር ስለሚተነፍሱም በውኃ ላይ የሚንሳፈፍና ከውኃ በላይ የሚቆም ቅጠል ይስማማቸዋል።

በሌላው ዓለም በውኃ አበባ ቅጠሎች ላይ የተደረጉ ምልከታዎች ለእኔ ጥያቄ ቁልፍ የሆነ ነገር አሳይተዋል። ቅጠል በል ጢንዚዛዎች በሚበዙበት ቦታ እያንዳንዱ ቅጠል የሚኖርበት ዘመን በእጅጉ ያጥራል፤ ተክሉ ግን በቶሎ በቶሎ አዲስ ቅጠል እያወጣ ክፍተቱን ይሞላል። በአንድ ቀን ተገኝቶ ቅጠል ለሚቆጥር ሰው ኩሬው ያልተነካ ይመስላል። ተክሉ ለዚህ የሚከፍለው ዋጋ፣ ማለትም ከሥሩና ከግንዱ የሚያወጣው ስንቅ፣ በዓይን አይታይም።

ነቀዙ ምን ይሠራል?

እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው። በትውልድ አገሩ እርሱን ብቻ ለይተው የሚበሉ ነፍሳት አሉት። ከእነዚህ መካከል በዓለም ላይ ይበልጥ ጥቅም ላይ የዋሉት ሁለት ነቀዞች፣ ኒዮኬቲና አይኮርኒዬ እና ኒዮኬቲና ብሩኪ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ከተለቀቀ ወዲህ ሁለቱም በብዙ አገሮች ተሰራጭተዋል።

የነቀዙ ሥራ በሁለት ደረጃ ይከፈላል። አምስት ሚሊሜትር የማይሞላው አዋቂ ነቀዝ በአብዛኛው በሌሊት እየተንቀሳቀሰ የቅጠሉን የላይኛ ሽፋን በትንንሽ አራት ማዕዘን መሰል ጠባሳዎች ይልጠዋል። ጠባሳዎቹ ሲበዙ ቅጠሉ ውኃ ያጣል፤ ለሻጋታና ለባክቴሪያም መግቢያ ይከፈታል። ዋናው ጉዳት ግን ከዓይን የተሰወረው የእጩ ሥራ ነው። እንቁላሉ በቅጠሉ ዘንግ ውስጥ ይጣላል፤ እጩ ከተፈለፈለ በኋላ ዘንጉን እየቦረቦረ ወደ ተክሉ እምብርት ይወርዳል፤ በዚያም አዲስ ቅጠልና አዲስ ልጅ ተክል የሚወጡባቸውን ቡቃያዎች ይበላል። አየር የሞላው ዘንግ ሲቦረቦርም ውኃ ይገባበታል፤ ተክሉም የመንሳፈፍ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። እጩ ወደ አዋቂነት የሚለወጠው በውኃ ውስጥ በተንጠለጠሉት ሥሮች ላይ ድሩን ሠርቶ ነው።

ከዚህ በመነሣት አንድ መደምደሚያ ላይ መድረስ ይቻላል። በቅጠሉ ላይ የሚታየው ጠባሳ የነቀዙን መኖር ያረጋግጣል፤ የቁጥጥሩን ስኬት የሚያረጋግጠው ግን የአዲስ ቅጠልና የልጅ ተክል መቀነስ ነው። እምቦጭ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ከመካከል ሲሆን አሮጌው በዳር በኩል ሞቶ ይወርዳል። ምግብ በበዛበት ውኃ ውስጥ ያለ ተክል ቅጠሎቹን በፍጥነት ስለሚተካ በቅጠል የሚቆጠረው ጠባሳ ትንሽ ይሆናል፤ ምግብ ባነሰበት ውኃ ውስጥ ደግሞ ቅጠሎቹ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ጥቂት ነቀዞች እንኳ ብዙ ጠባሳ ያከማቻሉ። ስለዚህ ያው የጠባሳ ቁጥር በሁለት ቦታዎች ተቃራኒ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ከሌሎች ሐይቆች የምንማረው

የነቀዙ ደጋፊዎች የቪክቶሪያን ሐይቅ ይጠቅሳሉ። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በኬንያ በ1997 ነቀዞቹ ተለቅቀው በዐሥርተ ዓመቱ መጨረሻ አረሙ በአስደናቂ ሁኔታ ቀንሷል። ሆኖም በዚያው ወቅት፣ በ1997 እና በ1998፣ የኤልኒኞ ዝናብና ማዕበል ሐይቁን አናውጦታል፤ የሰማዩ መደመንም የብርሃንን መጠን ቀንሷል። ከዚህ የተነሣ ለውጤቱ ነቀዙ ነው ወይስ አየሩ የሚል ክርክር በተመራማሪዎች መካከል ለዓመታት ቆይቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አረሙ በኬንያ በኩል ባለው የዊናም ባሕረ ሰላጤ እንደገና አገርሽቷል። እኔ ነቀዙ በቪክቶሪያ ላይ ብዙ ሠርቷል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ግን ብቻውን አልሠራም።

የደቡብ አፍሪካ ልምድ ይበልጥ ያስጠነቅቃል። በዚያ አገር ነቀዞቹ ከአርባ ዓመት በላይ ቢቆዩም ክረምቱ በሚበርድባቸው ከፍተኛ ቦታዎችና በፍሳሽ በተበከሉ ግድቦች ላይ ውጤታቸው ደካማ ሆኖ ታይቷል። ብርድ የነፍሳቱን መራባት ያዘገያል፤ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የበዛበት ውኃ ደግሞ ተክሉ ከተበላበት በላይ እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል።

ነገሩ ግን «ምግብ የበዛበት ቅጠል ሁልጊዜ ያሸንፋል» የሚል ቀላል ሕግ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ሳልቪኒያ የተባለውን ሌላ ተንሳፋፊ አረም የሚበላ ነቀዝ በናይትሮጅን ድሃ በሆነ ቅጠል ላይ መራባት አቅቶት ነበር። ተመራማሪዎቹ በአረሙ ላይ ዩሪያ ጨመሩ፤ የቅጠሉ ናይትሮጅን ሲጨምር ነቀዙ ተራባ፤ አረሙንም መቆጣጠር ቻለ። ናይትሮጅን ለተክሉም ለነፍሳቱም ስንቅ ነው። በአንድ ቦታ የትኛውን ይበልጥ እንደሚጠቅም ማወቅ የሚቻለው በዚያው ቦታ በመለካት ብቻ ነው።

በአገራችን የእርሻ ምርምር ባለሙያዎች ሁለቱን ነቀዞች ከዩጋንዳ አምጥተው በስምጥ ሸለቆ ሁኔታ መላመድ መቻላቸውን አጥንተዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ይህ የሚያኮራ መሠረት ነው። ነገር ግን ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ቪክቶሪያ በ1,130 ሜትር ገደማ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የጣና ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። በተጨማሪም በበጋ የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ ብዙ እምቦጭ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ነቀዙ ወደ አዋቂነት የሚለወጠው በውኃ ውስጥ በተንጠለጠሉ ሥሮች ላይ ከሆነ፣ በጭቃ የተቀበረ ሥር ለእርሱ መካን ነው። የአረሙ ዘር ግን በዚያው ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሕይወቱን ጠብቆ ይቆያል።

የቅጠሉ ስንቅ ከየት ይመጣል?

ከዚህ በኋላ ዓይናችንን ከሐይቁ ወደ ተራራው ማንሣት አለብን። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ተራራ ለደቡብ ጎንደር የውኃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር ሆነውም ወደ ሐይቁ ከሚፈሰው የወንዝ ውኃ አብዛኛውን ይሸከማሉ። የጉማራ ተፋሰስ ፎገራን፣ ደራን፣ ፋርጣንና እስቴን ይነካል። እምቦጩ ክፉኛ የበረታበት የሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻም እነዚህ ወንዞች ደለላቸውን ከሚያራግፉበት አካባቢ ጋር ይገጥማል።

እኔ ያደግሁት በእስቴ ነው። በሰኔና በሐምሌ ጎርፉ ቀይ ሆኖ ሲወርድ «አፈራችን ሄደ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ወዴት እንደሄደ ግን ማንም አይጠይቅም ነበር። የአካባቢያችን ገበሬ ዳገቱን ለጤፍና ለስንዴ በተደጋጋሚ ያርሳል፤ ማዳበሪያ በብድርም ሆነ በጥሪቱ ገዝቶ ይበትናል። ከባድ ዝናብ በላዩ ሲወርድበት ከዩሪያው የተወሰነው በውኃው ሟሙቶ፣ ፎስፎረሱም ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። የእስቴ ገበሬ ከሰብሉ የጎደለበት ስንቅ በከፊል የፎገራ ዓሣ አስጋሪ መረቡን እንዳይጥል የሚከለክለው ቅጠል ሆኖ ይበቅላል። እርግጥ ነው፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ከተሞች ፍሳሽም ድርሻ አለው፤ ጥፋቱን ሁሉ በደገኛው ገበሬ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። እርሱ አፈሩን በማጣት ቀዳሚው ተጎጂ ነውና።

በዚህ ረገድ የውኃ አከፋፈሉን በትክክል መናገር ያስፈልጋል። ስለ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ስንናገር ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን በአንድነት መጥራት ለምደናል፤ ውኃቸው ግን ወደ አንድ ቦታ አይሄድም። ከእስቴ ወደ ጣና የሚያደርሰው በጉማራ በኩል ያለው ክፍል ነው። የታች ጋይንትና የስማዳ ጎርፍ በአብዛኛው ወደ በሽሎ ወርዶ ከጣና በታች ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ ከላይ ጋይንትም ወደ ተከዜ የሚያዘነብል ክፍል አለ። ስለዚህ በስማዳ የሚሠራ እርከን የጣናን እምቦጭ አይቀንስም። ይህን ሳንለይ በዘመቻ ሁሉንም «ጣናን ለማዳን» ብንል ገበሬው ነገ ውጤቱን ሲያጣው አመኔታውን ይነፍገናል። በሌላ በኩል የበሽሎ ውኃ በዓባይ በኩል ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚደርስ ነው። ሞቃትና ሰፊ የሆነ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለተንሳፋፊ አረም ምን ያህል ምቹ እንደሆነ የቆቃ ታሪክ ያስተምረናል። የጋይንትና የስማዳ አፈር ጉዳይ ለነገው ሐይቅ የሚሆን ቅድመ ጥንቃቄ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሐይቁ እየጠፋ እያለ ቅጠል ስትቆጥሩ ልትኖሩ ነውን?» የሚል ነው። የዳርቻውን ሕዝብ ድካም ላየ ሰው ይህ ቁጣ ተገቢ ነው። ሺሕዎች በእጃቸው እየነቀሉ፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመው ደክመዋል። ነገር ግን መለካት ሥራን አያስቆምም። እንዲያውም በእጅ መንቀልና ነቀዝ መልቀቅ ያለ ዕቅድ ከተደባለቁ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ተክሉን ስንነቅል በውስጡ ያለውን እንቁላልና እጭ፣ በሥሩ ላይ ያለውን ፑፓም አብረን እናስወግዳለንና። የትኛው ዳርቻ ለእጅ፣ የትኛው ለማሽን፣ የትኛው ለነቀዝ እንደሚተው የሚወስነው መለኪያ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባዕድ ነፍሳት ስጋት ነው። ዛሬ እምቦጭን የበላ ነቀዝ ነገ ወደ ፎገራ ሩዝ ወይም ወደ ደንገሉ ቢዞርስ? ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም፤ የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ሩዙም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ሁለቱ ነቀዞች በብዙ አገሮች በተደጋጋሚ ተፈትነው፣ ለአሥርተ ዓመታትም በሜዳ ላይ ታይተው ከእምቦጭ ጋር የተቆራኙ መሆናቸው ተረጋግጧል። ስለዚህ ስጋቱን ከልክ በላይ ማጋነን አልሻም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በደንገል፣ በፊላና በቄጠማ ላይ ዛሬ የሚኖሩትን ቅጠል በል ነፍሳት መዝግበን ካልያዝን፣ ነገ በደንገሉ ላይ አንድ ቁስል ሲታይ አዲሱ ነቀዝ ያደረሰው ይሁን ነባር ነፍሳት ያደረሱት መለየት አንችልም። ያን ጊዜ ወሬው ከማስረጃው ይቀድማል።

ለድኅረ ምረቃ ጥናቶች የቀረበ ሐሳብ

የአንድ የማስተርስ ተማሪ በጀትና ጊዜ ውስን ነው። የማቀርባቸው ሐሳቦችም በዚያው ልክ የተመጠኑ ናቸው።

አንደኛ፣ በውኃ ተክል ላይ የነፍሳትን ጉዳት የሚያጠና ሁሉ ቅጠሎቹን ከወጡበት ቀን ጀምሮ ምልክት አስሮ ይከታተል። ባለቀለም ክርና ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ይበቃል። በየሳምንቱ ስንት ቅጠል ተወለደ፣ ስንት ሞተ፣ ስንት ልጅ ተክል ወጣ የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ከጠባሳው ስፋት ጎን ይመዝገቡ። ይህ ቢደረግ የእኔ የአንድ ወር ድካም በሌላ ተማሪ ላይ አይደገምም።

ሁለተኛ፣ ቅጠሉ በሚለካበት ቦታና ቀን የውኃው ሙቀት፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አብሮ ይለካ። በጉማራና በርብ መግቢያዎች፣ እንዲሁም ከመግቢያዎቹ ራቅ ባሉ ዳርቻዎች ተመሳሳይ ልኬት ቢወሰድ የደለሉ ስንቅ በቅጠሉ ፍጥነት ላይ ያለው ተፅዕኖ ይነጻጸራል። የነቀዝ ሙከራ በሚደረግባቸው የተከለሉ ገንዳዎችም የጣና የበጋ ሌሊት ቅዝቃዜ ከሙከራው ሁኔታዎች አንዱ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በሐይቁ ላይ የሚሠራው የሥነ ሕይወት ተማሪና በጉና ግርጌ የሚሠራው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ተማሪ በአንድ ተፋሰስ ላይ ይጣመሩ። ዛሬ አንዱ የአፈር መጥፋትን በቶን፣ ሌላው የአረሙን ስፋት በሄክታር ይጽፋል፤ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። በእስቴ አንድ ንዑስ ተፋሰስ ላይ እርከን ከተሠራ በኋላ በጉማራ ውኃ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ይቀንስ እንደሆነ፣ ከቀነሰም የቅጠሉ ልደት ይዘገይ እንደሆነ መከታተል የሁለት ወይም የሦስት ተከታታይ ማስተርስ ተማሪዎች ሥራ ሊሆን ይችላል። አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚቀጥልበት ሥርዓት ካለ ማለት ነው።

ነቀዙን አልቃወምም፤ በጥንቃቄ ተፈትኖ፣ በተመረጡ ዳርቻዎች ቢለቀቅ እደግፋለሁ። የምቃወመው ነቀዙን የችግሩ ሙሉ መልስ አድርጎ ማቅረብን ነው። ነፍሳቱ ቅጠሉን ከላይ ይበሉታል፤ የጉና ጎርፍ ከሥር ያጎርሰዋል። ነቀዙ በጣና ላይ የሚያሸንፍ ከሆነ የሚያሸንፈው የቅጠሉ ልደት ከነቀዙ አበላል በታች ሲወርድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የእስቴ ገበሬ እርከንና የፎገራ ዓሣ አስጋሪ ትዕግሥት ከነቀዙ ጋር አብረው ይቆጠራሉ። እኔም ወደ ሐይቁ ስመለስ በመጀመሪያ የምይዘው የሚሊሜትር ወረቀቴን ሳይሆን ባለቀለም ክሬን ነው።